የእግር እብጠትና የቤተሰብ ጭንቀት

ሰው ሲታመም የሚታመመው ብቻውን ነው ብሎ ማሰብ የቆየ ልማድ ነው። ሐኪም ዘንድ የሚቀርበው አንድ ሰው ነው፤ ካርድ የሚወጣው በአንድ ስም ነው፤ መድኃኒትም የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ነው። የሥነ ልቡና ምርመራም ለረጅም ጊዜ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ የተጨነቀውን ሰው ከቤቱ ነጥሎ «ምን ይሰማሃል?» ብሎ ሲጠይቅ ቆይቷል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ከዚህ ጥቂት ይለያል። የአንድ ሰው ጭንቀት ከየት ይነሣል? በማን በኩል ያልፋል? የሚያርፈውስ በማን ላይ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። በወላይታ ሶዶ ዙሪያ፤ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ጀምሮ በየቀበሌው፤ ለብዙ ዘመን የኖረ አንድ የእግር በሽታ አለ። በተለምዶ ዝሆኔ ይባላል፤ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። በሽታው እግርን ያሳብጣል እንጂ ራሱ አእምሮን አይነካም። ይሁን እንጂ በበሽታው የተያዙ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ስለሚደርስባቸው የመንፈስ ጭንቀት የተደረጉት ጥናቶች ስለ ጭንቀት በጠቅላላው ብዙ ነገር ሊያስተምሩን ይችላሉ። አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ ቤተሰብን እጅግ የሚያስጨንቀው ለደረሰበት ነገር የተሰጠው ትርጉም ነው፤ ትርጉሙም ከጎረቤት፣ ከሐኪምና ከተማረው ሰው አፍ ይወጣል። ስለዚህ ነገሩ እኛን ተማሪዎችንም ይመለከታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. በሽታው ምንድን ነው?

አስቀድመን በሽታውን በሚገባ እንወቀው፤ ስለ ጭንቀቱ የምንናገረው ሁሉ ስለ በሽታው ካለው የተሳሳተ እምነት ጋር የተያያዘ ነውና።

ፖዶኮኒዮሲስ የሚለው ስም ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ ቃላት የተሠራ ነው። ይህን ስም ያወጣለት በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የሠራው ብሪታንያዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እርሱና ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች እንዳስረዱት በሽታው የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። ደጋማና ዝናብ የበዛበት አገር ለዚህ ዓይነቱ አፈር የተመቸ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያሉት እጅግ ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ይገቡና በእግር ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣሉ፤ ቱቦዎቹም ቀስ በቀስ ይደፈናሉ። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግሩ ያብጣል፤ ቆዳውም ይወፍራል፤ ይሻክራል። አልፎ አልፎም ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ይነሣና በሽተኛውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል።

ከዚህ ሁሉ መያዝ ያለበት ዋናው ነጥብ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ መሆኑ ነው። በወባ ትንኝ መሰል ነፍሳት አማካይነት በትል የሚመጣ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ። ፖዶኮኒዮሲስ ግን ትልም ጀርምም የለውም። ከበሽተኛው ጋር አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመተኛት ወይም እጅ በመጨባበጥ የሚያዝ ሰው የለም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ በሽታውን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

የበሽታው ስፋት ቀላል አይደለም። በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ በበሽታው የተያዘ መሆኑን አሳይቷል። በ2006 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት በሽተኛው ከጠቅላላው የሥራ ቀኑ ከመቶ 45 ያህሉን እንደሚያጣና 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በሚኖርበት ዞን በበሽታው ምክንያት በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሣራ እንደሚደርስ ገምተዋል። ይህ በገንዘብ የተቆጠረው ነው። በገንዘብ ያልተቆጠረውን አሁን እንመልከት።

2. ጭንቀት እንዴት ይለካል?

ትኩሳት በቴርሞሜትር ይለካል። ጭንቀትን የሚለካ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም፤ ያለው መሣሪያ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ብዙ ሰዎችን በአንድ ዓይነት ጥያቄ እየጠየቁ መልሱን በቁጥር የሚያወዳድሩበትን ዘዴ ፈጥረዋል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ጥናት የዛሬ አይደለም። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረባው ከቫን ላይክ ጋር በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ስላለው የአእምሮ ሕመም ያደረገውን ጥናት በ1969 አሳትሟል። ከዚያም በኋላ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን 20 ጥያቄዎች ያሉትን መጠይቅ ይዘው የገጠሩን ሕዝብ መርምረዋል። ይህ መጠይቅ የሚመለሰው «አዎ» ወይም «የለም» በማለት ነው። ራስዎን ብዙ ጊዜ ያምዎታል? እንቅልፍ ይነሣዎታል? ምግብ አስጠልቶዎታል? ከወትሮው ይልቅ ያለቅሳሉ? የዕለት ሥራዎን መሥራት አቅቶዎታል? ይላል። ልብ ብለን ካየነው ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ ስለ ሰውነት የሚጠይቁ ናቸው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጭንቀት ላይ ያለ ሰው «ተጨንቄአለሁ» ከማለት ይልቅ «ራሴን ያመኛል» ማለት ይቀለዋል።

ሌላው መሣሪያ አሜሪካዊው ሮናልድ ኬስለር ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው 10 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ድምሩ ከ10 አያንስም፤ ከ50 አይበልጥም። ሦስተኛው 9 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን ባለፉት ሁለት ሳምንታት የነበረውን የድባቴ ምልክት ይጠይቃል፤ ድምሩም ከ0 እስከ 27 ይደርሳል።

እንዲህ ያለ መጠይቅ ወደ አገር ቋንቋ ሲመለስ ትልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአማርኛ የስሜት መቀመጫ ሆድና አንጀት ነው። ሰው ሲከፋው «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ይላል፤ ሲያዝን «አንጀቴ ተቃጠለ» ይላል፤ የተቀየመውን ሰው «ሆድ ባሰው» እንላለን። ይህን የማያውቅ ጠያቂ የሆድ ሕመም መድኃኒት ያዝዝ ይሆናል። የወላይትኛ ተናጋሪውም ለጭንቀቱ የራሱ አነጋገር አለው። ጥናቱ በሰውዬው ቋንቋና በቤቱ አነጋገር ካልተደረገ ቁጥሩ የሚለካው የትርጉሙን ስሕተት ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች በፖዶኮኒዮሲስ በሽተኞች ላይ የተሠራባቸው በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ነው። በ2015 ከታተሙት ሁለት ጥናቶች አንዱ በኬስለር መጠይቅ ሲለካ የበሽተኞቹ ጭንቀት ከጤነኞቹ ሰዎች ጭንቀት የበለጠ መሆኑን አገኘ። ሁለተኛው በባለ 9 ጥያቄው መጠይቅ በሽተኞችን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር አወዳደረ። ከፍ ያለ የድባቴ ምልክት የታየባቸው ከበሽተኞቹ ከመቶ 12.6 ሲሆኑ ከጎረቤቶቻቸው ግን ከመቶ 0.7 ብቻ ነበሩ። ጎረቤታሞች ዝናሙም ድርቁም ገበያውም አንድ ስለሆነ ልዩነቱን በድህነት ብቻ ማመካኘት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። በአንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ልኬት ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ያሳያል እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ በራሱ አያረጋግጥም። በእኛ ጉዳይ ግን ኀዘን እግርን በአፈር እንደማያሳብጥ እናውቃለን። ጭንቀት በበሽታው ላይ ሊጨምር የሚችለው በሌላ በር ነው፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው እግሩን አያጥብም፤ ወደ ሕክምናም አይሄድም።

3. ጭንቀቱ ከየት ይመጣል?

ቁጥር «ስንት?» ለሚለው ይመልሳል፤ «ለምን?» ለሚለው ግን ሰው ማናገር ያስፈልጋል። ለዚህኛው ጥያቄ ወደ ወላይታ እንመለስ።

አበባየሁ ቶራ፣ ጌይል ዴቪና ጌትነት ታደለ በወላይታ ዞን በሽተኞችን አነጋግረው የደረሱበትን በ2011 አሳትመዋል። ጥናቱ በሽተኞቹ በሰው ዘንድ ስለሚደርስባቸው መገለልና ያን መገለል ስለሚቋቋሙበት ዘዴ ነው። ሰዎቹ የተናገሩት ስለ እግራቸው ሕመም ብቻ አልነበረም። ሰው ከአጠገባቸው እንደሚሸሽ፣ በስብሰባ ቦታ እንደሚገለሉ፣ የጋብቻ ነገር እንደሚበላሽባቸው ተናገሩ። አንዳንዶቹም ከሰው ንቀት የተነሣ ሕይወታቸውን ለማጥፋት እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ይህ ቃል ከባድ ነው። የእግር እብጠት ራሱ ወደ መቃብር አይወስድም፤ የሰው ፊት ግን ሊወስድ ይችላል ማለት ነው።

የጎረቤቱስ አሳብ ምን ነበር? ብርሃኑም ጨለማውም ከእርሱ ስለሚመጣ ይህም ተጠንቷል። በ2008 የታተመ በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ በሽታው በበዛበት አካባቢ የተደረገ ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽተኛን ከማኅበራዊ ኑሮ የሚያርቅ አመለካከት እንዳላቸው አሳየ። ጎረቤቱ ያልተማረ ነው ብለን እንዳንፈርድ ደግሞ በ2010 የታተመው ጥናት ያሳፍረናል። ይኸኛው የጠየቀው የጤና ባለሙያዎችን ነበር። ግማሽ ያህሉ በሽታው ተላላፊ መስሏቸው ሕክምና ሲሰጡ እንዳይዛቸው ይፈሩ ነበር። እንግዲህ አንዲት እናት ከጎረቤት ሸሽታ ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ፤ ነጭ ካባ የለበሰውም ሰው ከእርሷ ቢሸሽ፤ ጎረቤቶቿ እውነተኞች ናቸው ብላ ከማመን በቀር ምን ትላለች?

ኧርቪንግ ጎፍማን የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ጠቃሚ ነገር አመልክቷል። በአንድ ሰው ላይ የተለጠፈ ነውር በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ከእርሱ ጋር ወደሚኖሩት፣ ወደሚያፈቅሩትና ወደሚወለዱት ይሻገራል። የበሽተኛ ልጅ፣ የበሽተኛ ሚስት፣ የበሽተኛ ወንድም እየተባለ ይጠራል። እነርሱም ሁለት መንገድ ይቀርብላቸዋል፤ ወይ ነውሩን ተካፍሎ መኖር፣ ወይም ከዘመዳቸው መራቅ። ሁለቱም መንገድ ያስጨንቃል።

4. አንድ መከራ፤ ሁለት ቤት

መከራ ሲመጣ አንዱ ቤተሰብ የሚፈርሰው ሌላው የሚቆመው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ጠቃሚ መልስ ያቀረበው አሜሪካዊው ሩበን ሂል ነው። ሂል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት የተለያዩና እንደገና የተገናኙ ቤተሰቦችን መርምሮ በ1949 መጽሐፍ አሳተመ። የደረሰበትን በፊደል ቀመር አድርጎ ገለጸው፤ እኛም በራሳችን ፊደል እንጻፈው።

ሀ፤ በቤተሰቡ ላይ የደረሰው ነገር።
ለ፤ ቤተሰቡ ያለው አቅም፤ ይኸውም ገንዘብ፣ ዘመድ፣ ዕድር፣ እርስ በርስ መስማማት።
ሐ፤ ቤተሰቡ ለደረሰበት ነገር የሚሰጠው ትርጉም።
መ፤ ቀውሱ።

ሀ፣ ለ እና ሐ ተደምረው መ ምን ያህል እንደሚከፋ ይወስናሉ። ብዙ ጊዜ የምናስበው ሀ ትልቅ ከሆነ መ ትልቅ ይሆናል ብለን ነው። የሂል ትምህርት ግን ሐን እንዳንረሳ ያስጠነቅቀናል።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ቀበሌ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች አሉ እንበል። በሁለቱም ቤት የእናቲቱ እግር አብጧል። ሁለቱም ቤት ከጓሮው እንሰት፣ ከማሳው ጥቂት በቆሎ ያገኛል። ሀ አንድ ነው፤ ለም ተቀራራቢ ነው።

በፊተኛው ቤት «ይህ ነገር ይተላለፋል፤ ከእርግማን የመጣ ነው» ይባላል። የእናቲቱ ሳሕንና ኩባያ ይለያል። እርሷም ሰው እንዳያያት ገበያ መሄድ ትተዋለች። ጊፋታ ሲደርስና ዘመድ በየቤቱ ሲሰበሰብ «ራሴን አሞኛል» ብላ ጓዳ ትቀራለች። ትልቋ ልጅ ሽማግሌ እንዳይመጣባት አይመጣባትም፤ መጥቶም ነገሩን ሲሰማ እንዳይመለስ ትፈራለች፤ ስለዚህ በእናቷ ትበሳጫለች፤ ስለ ተበሳጨችም ታፍራለች። አባትየው ከወትሮው ይልቅ ቁጡ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ የገባው ወንድ ልጅ ጓደኞቹ ቤቱ ድረስ እንዳይመጡበት በየጊዜው ሰበብ ይፈጥራል። ስለ እግሩ ግን ማንም ቃል አይናገርም።

በኋለኛው ቤት «ይህ ከአፈር የመጣ ነው፤ በውሃና በሳሙና ይሻላል፤ ለልጆቹ ጫማ ያሻል» ይባላል። ልጂቱ ማታ ማታ ውሃ ታቀርባለች። እናቲቱ እግሯን ታጥባ፣ ቅባት ቀብታ፣ ከፍ አድርጋ ታሳርፋለች። ሽታው ይቀንሳል፤ ሽታው ሲቀንስ ገበያ ትወጣለች። ይህ ቤት ከችግር ነፃ ነው አንልም፤ ጫማ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሳሙናም ያልቃል፤ ሕመሙም አንዳንድ ጊዜ ይነሣል። ነገር ግን እያንዳንዱ የቤት ሰው የሚሠራው ነገር አለው። በፊተኛው ቤት ያለው ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው።

አሁን አንድ ተመራማሪ መጠይቁን ይዞ ፊተኛው ቤት ገባ እንበል። እናቲቱን ብቻ ጠይቆ ቢወጣ አንድ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። የልጂቱ ፍርሃት፣ የአባትየው ቁጣና የተማሪው ኀፍረት በመዝገቡ ላይ አይገኙም። በዚህ ምክንያት ነው ጭንቀትን የሚያጠና ሰው ቤተሰቡን እንደ አንድ አካል መመልከት የሚገባው። በወላይታ በበሽታው ከተነኩ ቤተሰቦች የተወለዱ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ስለ በሽታው ያላቸውን እምነት የሚመረምር ጥናት በ2017 መታተሙ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው። ልጅ በቤቱ ሹክሹክታ ሲሰማ ያላወቀውን በፍርሃት ይሞላዋልና።

5. «በዘር ይመጣል» የሚለው ቃል

እዚህ ላይ ወደ ከባዱ ነጥብ ደርሰናል። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም ሕዝቡ ከሊቃውንት አስቀድሞ አይቷል። ሊቃውንቱም አላስተባበሉትም። በ2007 የታተመው በወላይታ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት፤ ወንድሙ ወይም እኅቱ በበሽታው የተያዘበት ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ በ5 እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳየ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ኢትዮጵያ 194 በሽተኞችንና 203 ጤነኞችን አወዳድረው ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይባቸው የዘር ቅንጣቶች አንዳንዶቹ ከበሽታው ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አሳተሙ።

እንግዲህ እውነቱን መናገር ይገባል ወይስ አይገባም? አጥንት በሚቆጠርበት፣ ጋብቻም ዘር ተጠይቆ በሚፈጸምበት አገር «በዘር ነው» የሚለው ቃል እንደ ፍርድ ይሰማል። ቤቱን በሙሉ ከጋብቻ ገበታ ሊያስነሣ ይችላል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰው «ይህን ነገር ባንናገር ይሻላል» ይላል። እኛ ግን ዝም ማለት የሚጠቅም አይመስለንም። የቤቱ ሰዎች ሦስት ትውልድ በዐይናቸው አይተዋል፤ «ዘር የለበትም» የሚላቸውን ሰው ሌላውንም ቃል አያምኑትም።

ጉዳቱ ያለው እውነቱን በግማሽ መናገር ላይ ነው። ሙሉው እውነት እንዲህ ይላል፤ ከወላጅ የሚወረሰው በሽታው ራሱ ሳይሆን የቆዳና የሰውነት ለዚያ አፈር መሸነፍ ነው፤ አፈሩ እግሩን ካልነካው በሽታው አይነሣም፤ ስለዚህ ከዚህ ቤት የተወለደ ልጅ ከሁሉ በፊት ጫማ ሊገዛለት ይገባል። ግማሹ ዐረፍተ ነገር ፍርድ ነበር፤ ሙሉው ዐረፍተ ነገር የሥራ ትእዛዝ ሆነ። በሂል ቀመር ብንናገር ሀ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሐ ነው። ሽማግሌ ልኮ ጋብቻ የሚጠይቀውም ቤተሰብ ሙሉውን ቢሰማ፤ የሚፈራው ነገር በአንድ ጥንድ ጫማ የሚታገድ መሆኑን ይረዳል።

6. ምን ያስታግሳል?

ሕክምናው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ቁስልን ከጀርም በሚያጠራ መድኃኒት መዘፍዘፍ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ እግሩን በፋሻ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2018 የታተመ ሙከራ፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ትኩሳቱና ሕመሙ የሚነሣባቸው ከማያደርጉት ባነሰ ጊዜ መሆኑን አረጋግጧል። ሕመሙ በቀነሰ መጠን የሥራ ቀን ይጨምራል፤ ሰው ፊት መውጣትም ይቀላል። በዚህ መንገድ ሳሙና ለጭንቀትም መድኃኒት ይሆናል።

በወላይታ ከ1998 ጀምሮ የተቋቋመው የሞሲ ፉት ሕክምናና መከላከያ ማኅበር ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ማኅበሩ ሕክምና ከመስጠት ሌላ የዳኑትን በሽተኞች ለሌሎች በሽተኞች አስተማሪ አደረጋቸው፤ ጫማ መሥራትም አሠለጠናቸው። ይህ አሠራር ከሥነ ልቡና አንጻር ሲታይ ጥበብ አለበት። ትናንት ሰው የሸሸው በሽተኛ ዛሬ ሰው የሚፈልገው ባለሙያ ይሆናል፤ አዲስ የመጣውም በሽተኛ ከመድኃኒቱ በፊት እርሱን የመሰለ ሰው ያያል።

መናገርም ያስታግሳል። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በለንደን ከተማ በካምበርዌል ሴቶች ላይ አድርገው በ1978 ባሳተሙት ጥናት፤ ከባድ መከራ ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ምስጢራቸውን የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው ያላቸው በድባቴ የሚያዙት ከሌላቸው ይልቅ ባነሰ ቁጥር መሆኑን አገኙ። ይህን አባቶቻችንም «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አስተምረውናል። ነገር ግን ምሳሌው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሰው በሽታውን የሚሸሽገው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ሲገልጠው ምን እንደሚደርስበት ስለሚያውቅ ነው። መሸሸጉን እንዲተው ከፈለግን ሲገልጠው የሚቀበለው ሰው አስቀድሞ መገኘት አለበት።

7. የእኛ ድርሻ

ይህ መጽሔት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፤ ከሚያነቡት መካከል እናቱ ወይም አባቱ በዚህ በሽታ የተያዘበት ተማሪ ይኖራል። ምናልባት በአንድ መኝታ ክፍል አብሮን ይተኛ ይሆናል። ስለዚህ የምንለውን ነገር ሩቅ ላለ ሰው እንደምንል አድርገን አንናገር።

በመጀመሪያ፤ ምላሳችንን እንጠብቅ። እግርን ምክንያት አድርጎ የሚነገር ቀልድ የሚያቆስለው የተነገረለትን ሰው ብቻ አይደለም። ቀልዱ በተነገረበት ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛ፤ ወደየቤታችን ስንመለስ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር ይዘን እንሂድ። በዕድርም ሆነ በቡና ላይ «ይተላለፋል» የሚል ቢነሣ «አይተላለፍም፤ ከአፈሩ ነው፤ ጫማና ውሃ ያድናል» ማለት ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። ከንግግሩ ይልቅ ግን አብሮ መብላት ይበልጣል። ከበሽተኛዪቱ ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ ጎረቤት ሁሉ የሚያነበው ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፤ ከእኛ መካከል ነርስ፣ ሐኪምና መምህር የሚሆኑ አሉ። ጤና ጣቢያ የመጣችውን እናት እግሯን ከማየት አስቀድመው «እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰብ ደኅና ነው? እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ብለው ይጠይቁ። እግሯንም ሲያዩ ሳይጸየፉ በእጃቸው ይንኩት። ባለሙያው እጁን ሲዘረጋ፤ በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቀው ልጅ በሽታው እንደማይተላለፍ ከመቶ ስብከት ይልቅ ይገባታል።

አራተኛ፤ ምርምር ለመሥራት ወደ ቀበሌ የምንወጣ ተማሪዎች መጠይቁን በቤቱ ሰው ቋንቋ እናዘጋጅ፤ በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን አብረውት የሚኖሩትንም በየግላቸው እንጠይቅ፤ የነገሩንንም ምስጢር አድርገን እንጠብቅ። ሰው የሆዱን ከነገረን በኋላ ነገሩ በመንደሩ ቢሰማ እኛው ራሳችን የጭንቀቱ ምንጭ እንሆናለን።

በመጨረሻም፤ አንድ ሰው በሕይወት መኖር እንደ መረረው ከተናገረ ቃሉን እንደ ዋዛ አንለፈው። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ አሳቡን በልቡ እንደማይተክልበት የሥነ ልቡና ምርመራ አሳይቷል። «ተጽናና» ብሎ ከመሄድ ይልቅ አብሮት መቀመጥ፣ ብቻውን አለመተው፣ የሚያምነውን የቤት ሰው ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አብሮ መሄድ ይገባል።

የወላይታ ቀይ አፈር እንሰቱንና በቆሎውን የሚያበቅል አፈር ነውና ከእርሱ ጋር መጣላት አይቻልም። ከአፈሩ የሚመጣውን ጉዳት ጫማ ይከለክለዋል። ከሰው አፍ የሚመጣውን ጉዳት የሚከለክለው ግን በየቤቱና በየክፍሉ ያለው ሰው ነው። እኛም በዚህ ትምህርት ቤት የተማርነው ትምህርት ዋጋው የሚታወቀው በሚቀጥለው ጊፋታ ዘመድ ሲሰበሰብ፤ ጓዳ የቀረችውን እናት ወጥታ ከሁላችን ጋር እንድትቀመጥ ባደረግን ጊዜ ነው።